ለጥምቀት ጎንደር ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ «ቪአይፒ ቦታ» የሚባል ነገር እንዳትገዙ

ሰላም ወገኖች። ጥምቀት እየደረሰ ስለሆነ ሳይረፍድ ልጻፈው ብዬ ነው። ቴሌግራም ላይ «የጎንደር ጥምቀት ሙሉ ፓኬጅ» የሚል ማስታወቂያ እንደገና መዞር ጀምሯል። አምና በዚሁ ተሸውጃለሁ። ስም አልጠራም፤ የቻናሉን ስም በየዓመቱ ስለሚቀይረው ብጠራውም ብዙ አይጠቅማችሁም። አሠራሩን ግን እወቁት።

እናቴ «የጎንደርን ጥምቀት ሳላይ እንዳልሞት» ስትል ነው ያደግኩት። 70 ልትደፍን ትንሽ ቀርቷታል፣ ጉልበቷም ያስቸግራታል። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ «ፋሲል መዋኛ ውስጥ የተጠበቀ ቪአይፒ መቀመጫ» የሚለውን ሳይ ሌላውን በቅጡ አላነበብኩትም። ለሁለታችን 57 ሺህ ብር፣ የአውሮፕላን ቲኬት ሳይጨምር። ከአየር ማረፊያ መቀበል፣ ከተማ መሃል ሆቴል 3 ሌሊት፣ አስጎብኚ፣ የፋሲል ግቢና የደብረ ብርሃን ሥላሴ መግቢያ፣ ሁሉም አለበት ተባለ። ከላይ የዩኔስኮ ዓርማ ተለጥፎበታል። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979፣ ጥምቀት ደግሞ በ2019 መመዝገባቸው እውነት ነው፤ ዩኔስኮ ግን ፓኬጅ አይሸጥም፣ ይሄን ለማሰብ ጊዜ አልወሰድኩም። ብሩን ያስገባሁት በግለሰብ ሒሳብ ነው። ደረሰኝ ስለው «ወንድሜ፣ በዓል ነው፣ ተጨናንቀናል፣ ጎንደር ስትደርሱ ይሰጣችኋል» አለኝ። እዚህ ጋ መንቃት ነበረብኝ።

ጥር 9 ደረስን። የ«ከተማ መሃሉ» ሆቴል አዘዞ ሆኖ ተገኘ። የማታውቁ ካላችሁ፣ አዘዞ ወደ አየር ማረፊያው በኩል ነው፣ ከፒያሳ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በአዘቦት ቀን ምንም አይደል። በከተራ ቀን ግን መንገዱ በሰው ይሞላል፣ ባለ ባጃጁም አፉ ላይ የመጣለትን ይጠራል። ስልክ ደውዬ ስጮህ «አዘዞም እኮ ጎንደር ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምን ይባላል!

ከኛ ጋር ከዳላስ የመጣች እህት ነበረች። ቁርስ ላይ ሒሳብ ስናወራ ለብቻዋ 600 ዶላር ከፍላለች። ክፍሉ ያው፣ እንቁላሉ ያው። ውጭ ያላችሁ ይሄን ልብ በሉ፣ ድምፃችሁን ሰምቶ ነው ዋጋ የሚቆርጠው።

ከተራ ዕለት አስጎብኚ የተባለው ልጅ አልመጣም፣ እኛም መንገድ ዳር ቆምን። እውነቱን ልናገር፣ ከጉዞው ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ነው። ከሰዓት ታቦታቱ ከየደብሩ ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ፣ የሰፈሩ ወጣቶች ምንጣፉን ከኋላ እየጠቀለሉ ወደ ፊት እየሮጡ ሲያነጥፉ፣ አንድ የማናውቀው ልጅ ከቤቱ ዱካ አምጥቶ «እማማ፣ ይቀመጡ» አላት። ተቀመጠችም። ታቦቱ ፊቷ ሲደርስ ግን ጉልበቷን ረስታ ተነሥታ እልል አለች፣ ድምጿ እስኪዘጋ። የአዘጋጁ ካሜራ ያዥ ያኔ ብቻ ብቅ ብሎ ፎቶ አነሣንና ተሰወረ።

ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥተን፣ ጋቢ ተከናንበን፣ በስንት መከራ ፋሲል መዋኛ በር ደረስን። እጃችን ላይ «ቪአይፒ» የሚል ሮዝ የፕላስቲክ አምባር አለ፣ የልጆች ልደት ላይ የሚታሰረው ዓይነት። በሩ ላይ የነበረው አስተናባሪ የእናቴን እጅ በባትሪ አብርቶ አየና በትሕትና፣ «እናቴ፣ ይኼ የኛ አይደለም። የእንግዳ ባጅ ከኮሚቴው ነው የሚመጣው» አላት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «ይኼን የሸጠልህን ሰው ካገኘኸው ለኔም አሳየኝ፣ ከሌሊት ጀምሮ አምባር የያዘ ሰው ስመልስ ነው ያደርኩት» አለኝ።

ያልገባኝ ነገር ይሄ ነበር። ለውኃው ቅርብ ያለው ቦታ የካህናቱ፣ የዘማርያኑና የተጋባዥ እንግዶች ነው። ሌላው ሰው ቀድሞ የደረሰ ይቀድማል፣ ወይም ሌሊቱን እዚያው ያድራል። ምሥጢሩ ይሄው ነው። የአዘጋጁ ረዳት ስልክ አንሥቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እንጨት ርብራብ ካለ እዚያ ላይ ውጡ።» ጥር 2012 እኮ እዚያው ግቢ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞቷል፣ ከ100 በላይ ተጎድቷል። እናቴን እዚያ ላይ ላወጣት? ውጭ አጥሩ ሥር፣ የዛፉ ሥር ድንጋዩን አንቆ የያዘበት ጋ ተቀመጥን፤ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ሰማን፣ ውኃው ሲባረክና ወጣቱ ሲዘል ጩኸቱን ሰማን። ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ የሚሞላውን ያንን ገንዳ ግን አላየችውም። በዓሉ ካለፈ በኋላ ሄዳችሁ እናየዋለን ብትሉ ደግሞ ገንዳው ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ባዶ ነው።

ግንቡን ያየነው በዚያው ቀን ከሰዓት ነው፣ መግቢያውን እንደገና ከኪሳችን ከፍለን። በመጨረሻ የተላከው «አስጎብኚ» ሁሉንም ግንብ ፋሲል ነው ያሠራው ብሎ ሊያልፈው ሲል እናቴ፣ «ልጄ፣ የምንትዋብስ? የኢያሱስ?» አለችው። ልጁ ሳቀ። በሩ ላይ መታወቂያ ያላቸው የአካባቢው አስጎብኚዎች አሉ፣ ከነሱ ያዙ፣ ዋጋውን ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ።

ሌላው የተሸወድኩበት ነገር ቀኑ ነው። «3 ሌሊት» ሲሉ 9፣ 10 እና 11 ማለታቸው ነው፣ ጥር 12 ጠዋት ትባረራላችሁ። ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፣ የሚካኤል ታቦት የሚገባበት። እናቴ አውሮፕላን ውስጥ ይሄን ስታሰላ ያየሁትን ፊት አልረሳውም። መመለሻ ስትቆርጡ ለ13 ቁረጡ።

ሆቴሉን ስሙን ጠይቃችሁ ራሳችሁ ደውሉ፣ በናንተ ስም ክፍል መያዙን አረጋግጡ። በበዓሉ ሰሞን ዋጋ ይጨምራል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ አሁን ነው መደወል ያለባችሁ። የጸጥታውን ሁኔታም እዚያ ካለ ሰው አጣሩ። ኮሜንት የተዘጋበት ቻናል ካያችሁ እለፉት፣ የኔው ሰውዬም ዘግቶት ነበር። ግማሹን እንኳ ይመልስልኝ ብዬ ስጽፍለት መጀመሪያ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» አለኝ፣ ከዚያ ብሎክ አደረገኝ።

ትናንት የዘንድሮውን ማስታወቂያ አንድ ጓደኛዬ ላከልኝ። ስሙ ተቀይሯል፣ ዋጋው ጨምሯል። ከላይ ትልቅ ፎቶ አለ፣ አንዲት ሴት እጇን ወደ ላይ አድርጋ እልል ስትል፣ ሥሩ «የቪአይፒ እንግዶቻችን ደስታ» ይላል። እናቴ ናት። ከጎኗ ዱካው ይታያል።