ደሴ ላይ በ150 ብር የገዛሁት የኒንጃ ኮሚክ፦ ስዕሉ አንጀት ያርሳል፣ ፅሁፉ ግን...

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ወርጄ ፎቶኮፒ ላስደርግ የገባሁበት ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ አየሁት። ኮሚክ ነው፣ በስዕል የሚነገር ታሪክ፣ ያ ሁላችን የምናውቀው ብርቱካናማ ለባሹ የጃፓን ኒንጃ ጦሳ ተራራ አናት ላይ ቆሞ ደሴን ቁልቁል እያየ፣ ትከሻው ላይ ጋቢ ጣል አድርጎ። ጋቢው ገደለኝ። 150 ብር አለኝ፣ ሳልከራከር ከፈልኩ። የሰሩት የሰፈር ልጆች ስለሆኑ የኮሚኩንም የልጆቹንም ስም አልጠራም፣ ነገ እናታቸው ቡና ስትጠራኝ በምን ፊቴ እሄዳለሁ።

ሲጀመር የሰው ገፀ ባህሪ ወስዶ የራስን ታሪክ መስራት አዲስ ነገር አይደለም። ጃፓን ውስጥ በግል የሚታተመውን ዶጂንሺ ይሉታል፣ ብዙው እንደዚህ አድናቂዎች የሚሰሩት ነው፣ ኮሚኬት የሚባል ለዚሁ የሚሆን ትልቅ ገበያም ቶኪዮ ላይ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ስለዚህ ኒንጃውን ደሴ አመጣችሁት ብዬ አልጣላም፣ ከመጣ በኋላ ባደረጋችሁት ነው እንጂ።

ስዕሉን ላስቀድም ምክንያቱም ስዕሉ ይችላል። ገፅ 14 ላይ ሐረጎ ነው፣ ማታ፣ ጉም፣ የተሰለፉ የጭነት መኪኖች መብራት ብቻ በጉሙ ውስጥ ቢጫ ቢጫ ሆኖ ይታያል (ማለቴ ህትመቱ ጥቁርና ነጭ ነው ግን ቢጫ ሆኖ ነው የታየኝ)፣ አንድም ቃል የለም። ከኮምቦልቻ በማታ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ሌላው ቡናው ነው፣ ኒንጃው ተናዶ ገብቶ ቁጭ ይላል፣ አቦል አንድ ሳጥን ስዕል፣ ቶና አንድ ሳጥን ስዕል፣ በረካ ላይ ሲደርስ ትከሻው ወርዷል። ይሄን ያሰበው ልጅ ማንም ይሁን ማን ጎበዝ ነው።

ችግሩ ሰዎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ስዕሉን በሙሉ ስለው ጨርሰው ንግግሩን መጨረሻ ላይ ባገኙት ቀዳዳ የጎሰጎሱት ነው የሚመስለው፣ ከልጆቹ አንዱንም ጠይቄው እንደዛ ነው የሰራነው ብሎኛል። መጀመሪያ አረፋውን (ንግግሩ የሚፃፍበትን ክብ) ይስላሉ፣ ከዛ ቃሉን ያስገባሉ፣ አይበቃም፣ ፊደሉን ያሳንሳሉ፣ አሁንም አይበቃም፣ እንደገና ያሳንሳሉ። የኛ ፊደል ደግሞ ሲያንስ ክፉ ነው፣ ሉ እና ሊን የሚለያቸው አንዲት ጭረት ናት፣ መሀል ላይ ናት ወይስ ታች ነው ነገሩ። ንጉሱ ለሰራዊቱ ግብር ሲያበላ "ብሉ" ይላል፣ እኔ "ብሊ" ብዬ አንብቤ ምን ማለቱ ነው ብዬ ስፈልግ ነበር። ሌላ ቦታ "እንዳላስጨን" ብሎ አረፋው አለቀ፣ "ቃቸው" የሚለው ታች መስመር ላይ ብቻውን ቁጭ ብሏል። መጀመሪያ ቃሉን ፃፉት ከዛ አረፋውን ዙሪያውን ሳሉበት፣ በቃ ይሄው ነው።

የንባብ አቅጣጫው ሌላ ጉድ ነው። የጃፓን ኮሚክ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፣ ልጆቹ የገፅ አቀማመጡን እያዩ ስለቀዱት አንዳንዱ ገፅ በጃፓን ይሄዳል አንዳንዱ በኛ፣ ገፅ 8 ላይማ ላይኛው በኛ ታችኛው በጃፓን ነው። የእህቴ ልጅ 11 አመቱ ነው፣ አስነበብኩት፣ ትንሽ ቆይቶ "አጎቴ ይሄ ሰውዬ ሳይጠይቁት ነው እንዴ የሚመልሰው?" አለኝ። ከማሳተማቸው በፊት አንድ የ11 አመት ልጅ ቢያስነብቡ ኖሮ አልቆ ነበር።

ቋንቋው ደግሞ አበሳጨኝ። ደሴ ነው የሚል ኮሚክ ውስጥ ሁሉም ሰው እንደ ተተረጎመ ፊልም ነው የሚያወራው፣ ቡና የሚያፈሉት እናት "ተጠንቀቅ፣ ይህ ታላቅ አደጋ ነው" ይላሉ። ኧረ በአላህ! የወሎ እናት ልጅ ደንግጦ ቤቷ ሲገባ አብሽር ነው የምትለው፣ መጀመሪያ ታስቀምጠዋለች፣ ታበላዋለች፣ አደጋው ከዛ በኋላ ነው። የሰፈሩ ልጅ ደግሞ ሽማግሌውን "አንተ" እያለ ያናግራቸዋል፣ የጃፓኑ ትርጉም ላይ አንተ ስለሚል መሰለኝ፣ እዚህ ግን እንደዛ ብሎ የሚተርፍ ልጅ የለም። ድምፁም እንደዚሁ፣ በር ሲመታ "ባንግ" ጥፊ ሲያርፍ "ስላፕ"። ጧ የሚባል ነገር እያለን!

ታሪኩ ላይ ብዙ አልቆይም። የመጀመሪያዎቹ 4 ገፆች ኒንጃው ማን እንደሆነ ያስረዳሉ፣ ኮሚኩን የሚገዛው እኮ ጋቢውን አይቶ የሳቀው ሰው ነው፣ ያውቀዋል። ከዛ አንድ የደሴ ልጅ ይመጣል፣ ገፅ 6 ላይ ኒንጃውን ያሸንፋል፣ ሴቶቹ ሁሉ ያዩታል፣ ፀጉሩም ከሳለው ልጅ ፀጉር ጋር አንድ ነው። ሁላችንም እንደዛ ጀምረናል አልፈርድም፣ እኔ የሳልኩት ሰውዬማ ይበር ነበር። ግን ማንም የማይችለው ሰው ሲጣላ ምኑ ያጓጓል? ደግሞ ሰይፍ መዞ ሲሮጥ እያየነው "አሁን ሰይፌን መዝዤ እየሮጥኩ ነው" ይለናል።

ከመሀል ላይ ወደ መቅደላ ይሻገራሉ፣ ሀሳቡን ወድጄዋለሁ፣ የኛው አገር ነው። ግን "መቅደላ፣ 1868 ዓ.ም." ብለው ፅፈዋል። 1868 የፈረንጆቹ ነው ወንድሞቼ፣ አፄ ቴዎድሮስ የሞቱት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፣ ዓ.ም. ካላችሁ በኛ ቁጠሩ። ሴባስቶፖልንም እንደ ታንክ አፈሙዝ ረዥም አድርገው ስለው ልጁ በትከሻው ይሸከመዋል፣ መድፉ እኮ አጭር አፉ ሰፊ ነው፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል፣ ጋፋት ተሰርቶ እዛ ተራራ ላይ እስኪወጣ የስንት ሰው ወገብ ተቆርጧል። አንድ ሳጥን ውስጥ ስንት ሰው ሲጎትተው ብትስሉ ከድብድቡ ይበልጥ ነበር።

ህትመቱን እንደ ባለሙያ ልናገር፣ ኮምቦልቻ ማተሚያ ቤት ሁለት አመት ሰርቻለሁ። መሀሉ በሽቦ የሚመታ መፅሄት ገፁ ለ4 መካፈል አለበት፣ እነሱ 26 ገፅ ሰርተው ስለሄዱ መጨረሻ ላይ 2 ባዶ ገፅ ተረፈ፣ ደብተር መሰለ። ፅሁፍን ጠርዝ ድረስ አታስጠጉ፣ መቁረጫው አይምርም፣ ገፅ 11 ላይ የንጉሱ ንግግር ግማሹ ተቆርጦ ቀርቷል። ስዕሉ እስከ ጠርዝ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ አውጡለት። ኤ5 ገፅ በደንብ እንዲታተም 1748 በ2480 ፒክስል ይፈልጋል፣ ልጆቹ ስልክ ላይ ሰርተው ለማተሚያው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ልከውት ተጨምቆ መስመሩ ሁሉ ፀጉር አብቅሏል፣ እንደ ፋይል ላኩት ያው አንድ ቁልፍ ነው ልዩነቱ። ያጠቆሩት የማታ ትእይንትም ከሐረጎው በቀር ጥላሸት ሆኗል።

ግዙ ወይስ አትግዙ? እኔ ለገፅ 14 እና ለቡናው ስል ድጋሚ እገዛው ነበር፣ 150 ግን ትንሽ በዛ፣ 100 ቢሉት ጥሩ ነው። ስትገዙ ብቻ ገፁን ቆጥራችሁ ግዙ፣ የኔው ላይ ገፅ 19 ሁለቴ አለ ገፅ 20 የለም፣ 20 ደግሞ መቅደላ ላይ ማን እንዳሸነፈ የሚታይበት ነው። ሰኞ ልቀይር ይዤው ሄድኩ፣ ሻጩ ሶስት አራቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና "ሁሉም እንደዛ ነው ጋሼ" አለኝ።