«አይዝግም» የሚባለውን የድሮ መጋዝ ከመግዛታችሁ በፊት እጀታውን አስፈቱ

በሰኞ ገበያ ያገለገሉ መሣሪያዎችን የምትገዙ የደሴ አናጢዎች፣ ከኮምቦልቻም ለዚሁ ብላችሁ የምትወጡ፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘባችሁን አታውጡ። ሰሞኑን «የጣሊያን ጊዜ መጋዝ ነው፣ ብረቱ ዝገት አያውቀውም» እየተባለ፣ ፊት የሚያሳይ የእጅ መጋዝ በ4,000 ብር ይሸጣል። ሻጮቹ ክረምቱን ሙሉ ደጅ ቢያድር ምንም አይሆንም ብለው ይምላሉ። ውሸት ነው።

አንድ ወጣት አናጢ «ጋሼ፣ ጥርሱን አውጣልኝ» ብሎ አንዱን ወደ ሱቄ አመጣው። ሞረዱ ጥቂት ጥርስ ላይ ነክሶ ጥቂቱ ላይ ሲንሸራተት ጥርጣሬ ገባኝና ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትቼ እጀታውን አወጣሁ። እንጨቱ ሸፍኖት የቆየው ብረት በቀይ ዝገት ተበልቶ ጎድጉዷል፤ ዱቄቱ ጣቴ ላይ ቀረ። ውጪ የሚታየው ክፍል ግን በግራይንደር ተፍቆ ቫርኒሽ ተረጭቶበታል። አሴቶን የነካ ጨርቅ ሳሳልፍበት ብልጭታው ተገፈፈና የግራይንደሩ ጭረት ወጣ። ጥርሱ አጠገብ ሰማያዊና ግራጫ ጠባሳ አለ፤ ስስ ብረት ከመጠን በላይ ሲግል የሚያመጣው ቀለም ነው። እንዲህ የጋለ ቦታ ጥንካሬው ይወርዳል፣ ላሜራውም ይጣመማል። ልጁ የብዙ ቀን ደመወዙን የከፈለው ለዚህ ነው።

ማታለያው የሚሠራው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። ጥሩ የድሮ መጋዝ በእርግጥ ከብዙ የዛሬ ርካሽ መጋዝ ይልቅ ዝገትን ይቋቋማል። ምክንያቱ ግን ብረቱ የማይዝግ ዓይነት ስለሆነ አይደለም። የእንግሊዟ የብረት ከተማ የሸፊልድም ሆኑ ሄንሪ ዲስተን በ1840 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ ውስጥ የመሠረተው ፋብሪካ የድሮ መጋዞች የተሠሩት ከ100 እጅ አንድ እጅ የማይሞላ ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ካርቦን ካለው ተራ ብረት ነው። የማይዝግ ለመባል ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያስፈልጋል፤ እነዚህ መጋዞች ያ የላቸውም። ሃሪ ብሬርሊ የማይዝገውን ብረት ሸፊልድ ውስጥ የሠራው በ1913 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ጣሊያን ደሴ ሲገባ ነገሩ ይታወቅ ነበር። መጋዝ ሠሪዎቹ ግን በካርቦን ብረታቸው ጸኑ፤ በሞረድ በደንብ ይሳላል፣ ሲታጠፍም ተመልሶ ይቃናል።

ታዲያ ምን ጠበቀው? አንደኛ ነገር ብረቱ ንጹሕ ነው። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሃንትስማን በ1740ዎቹ እ.ኤ.አ. ያመጣው ዘዴ ብረቱን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ፈጽሞ ስለሚያቀልጠው አተላው ተንሳፍፎ ይወገዳል። ከዚያ ላሜራው በጥንቃቄ ይሞረድና ይወለወላል፤ ለስላሳ ገጽ ላይ እርጥበት የሚደበቅበት ጭረት የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለዓመታት በዘይት ሲጠረግ የኖረ መጋዝ ጥቁር ቡናማ ቆዳ ያወጣል። ይህ ቆዳ ራሱ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ግን እንደ ቀዩ ዝገት አይፈረፈርም፣ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል። የገበያው ሰዎች በግራይንደር የሚገፍፉት ይህንኑ ነው። ጠባቂውን አንስተው ብልጭታውን እንደ ዋስትና ይሸጡልናል! ጭረቱ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ጉም ሲይዝ ቫርኒሹ ብዙ አያቆየውም፤ ጥቂት ጣውላ እንደቆረጠ ተፍቆ ያልቃልና።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱና እጀታውን አስፈቱ። ሻጩ እምቢ ካለ ትታችሁት እለፉ። ላሜራውን ቀስ አድርጋችሁ አጥፋችሁ ልቀቁት፤ ተመልሶ ካልቀና አትውሰዱት። ጥሩዎቹ የድሮ መጋዞች ከጥርሱ በኩል ወፈር፣ ከጀርባው ሳሳ ያሉ ናቸው፤ ካሊፐር ካላችሁ ለኩት። በማግኔት የሚያሳዩአችሁን አትመኑ፤ ማግኔት ማንኛውንም ተራ ብረት ይስባል፣ አንዳንዱን የማይዝግ ብረትም ይስባል። ጠቆር ያለው፣ ያልተነካው፣ ማንም የማያየው መጋዝ ብዙ ጊዜ የሚሻለው እሱ ነው፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል።

ገዝታችሁ ከሆነ ግራይንደር እንዳትመልሱበት። ቫርኒሹን በአሴቶን አውጡ፣ ጭረቱን በነጭ ጋዝ በተነከረ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በእጅ አለስልሱ፣ ከእጀታው ሥር ያለውን ዝገትም አትርሱ። ከዚያ ስስ ዘይት ቀቡት፤ ከሥራ በኋላም ሁልጊዜ ላባችሁን ጥረጉለት፣ የላብ ጨው ዝገትን ያፋጥናል። ከዚህ ገበያ የገዛችሁ ካላችሁ እጀታውን ፈትታችሁ ያያችሁትን ጻፉልኝ፤ በተለይ ጥርሱ አጠገብ ሰማያዊ ጠባሳ ካለው።