ለሞተር ዝናብ፦ ሰፊው ላስቲክ ወይስ ጃኬትና ሱሪ?

ጅማ ላይ ክረምቱን በሞተር ሥራ ለሚመላለስ ሰው ርካሹ ምርጫ ከአናት የሚጠለቀው ሰፊ ላስቲክ ነው። ከነቦርሳህ ይሸፍንሃል፤ ዶፍ ሲመጣም በቅጽበት ይለበሳል። ለእግረኛማ ግሩም ነው! ሞተር ላይ ግን ነፋስ ይነፋዋል፤ ጫፉ ካቴና ወይም የኋላ ጎማ ውስጥ ከገባ ይጥልሃል። ጉልበትህም መርጠቡ አይቀርም።

ጃኬትና ሱሪው ወደድ ቢልም እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ስትገዛ ገልብጠህ ስፌቱን እይ፤ ከውስጥ በቴፕ ካልታሸገ ውሃው በመርፌው ቀዳዳ ይገባል። ዚፑም መሸፈኛ ይኑረው። ከሹራብ በላይ ስለሚለበስ ቁጥሩን አንድ ከፍ አድርገው። ሱሪውን ከጫማህ ውጭ አውርደው፤ ወደ ውስጥ ከከተትከው ጫማህ ባልዲ ሆነ ማለት ነው። የቦት ጫማ መግዣ ካጠረ ካልሲ ላይ ፌስታል ማሰርም ያስኬዳል።