ቴክኖሎጂ ቶሎ መለዋወጥ ወይስ ይዞ መቆየት?

እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው «ሲቪላይዜሽን 4» የኮምፒውተር ጨዋታ አንድ ሥልጣኔ እየመራችሁ ከሌሎች ነገሥታት ጋር ትፎካከራላችሁ። ከእነሱ ጋር የቴክኖሎጂ ንግድ የሚከፈተው «ፊደል» የሚባለው ቴክኖሎጂ ሲገኝ ነው። ከዚያ በኋላ በየተራው ያው ጥያቄ ይመጣል፤ ልስጥ ወይስ ልያዝ?

ቶሎ መስጠት ጥቅሙ ብዙ ነው። ለብቻችሁ የደረሳችሁበትን አንድ ነገር ለሦስት ነገሥታት ሸጣችሁ ሦስት አዲስ ነገር ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ግን በአንድ ተራ ለሁሉም ሽጡ። በጨዋታው ውስጥ ላለው የማሊ ንጉሥ ለማንሳ ሙሳ ብቻ ከሰጣችሁ፣ የእሱ ተራ ሲደርስ ለሌሎቹ ይቸበችበዋል። ትርፉም የእሱ ይሆናል። መስጠት መዘዝም አለው፤ ከአንዱ ንጉሥ ደመኛ ጋር ስትነግዱ ያኛው ይቀየማል። በንግድ ብዙ ካገኛችሁም «በጣም ገሰገሳችሁ» ብለው በር ይዘጉባችኋል።

ይዞ መቆየት የሚያዋጣው ሩጫ ላይ ነው። «ሊበራሊዝም» ላይ ቀድሞ የደረሰ አንድ ቴክኖሎጂ በነጻ ያገኛል። ስለዚህ ወደዚያ የሚያደርሱትን «ፍልስፍና»ንና «ትምህርት»ን አጥብቃችሁ ያዙ።

ከሁሉም በላይ ግን ጦርነት አለ። አንዴ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የጨዋታው ማስፋፊያ ውስጥ ያለውን የእኛን ዘርዓ ያዕቆብን ይዤ ስጫወት፣ ልወረው ላሰብኩት ጎረቤት «ፊውዳሊዝም»ን ሸጥኩለት። ወርቁ አጓጉቶኝ ነበር። ከተማው በር ላይ ስደርስ፣ በዚያው በ«ፊውዳሊዝም» የሚገኙት ባለ ረጅም ቀስት ወታደሮች ግንቡን ሞልተውታል። ካታፑልቶቼ (ድንጋይ ወርዋሪ መሣሪያዎቼ) እዚያው አለቁ።

እኔ አሁን በጥንቱ ዘመን ሳልሰስት እሰጣለሁ። የከተማ መከላከያ የሚሆነውን ግን ለጎረቤት አልሸጥም።