ኧርሊኦኦም፦ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ለወራት ከሠራሁበት በኋላ

ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር በተበየደና ከ8 ጊጋባይት በላይ ሊጨመርለት በማይችል ላፕቶፕ ላይ ትልልቅ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮጀክቶችን ኮምፓይል ለሚያደርግ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ለሚቀይር) ሰው፣ የራም እጥረት የዘወትር የሥራው አካል ነው። ራም ሊያልቅ ሲል አንዱን ፕሮግራም የሚገድለውን (በግድ የሚዘጋውን)፣ ኧርሊኦኦም የተባለውን ትንሽ የሊኑክስ ፕሮግራም የጫንኩትም ለዚሁ ነው። ከወራት በኋላ ስመዝነው፣ ፕሮግራሙ ሳይረፍድ መግደልን በሚገባ ያውቅበታል፤ ማን ይገደል የሚለውን ግን ባለቤቱ ካልነገረው በደንብ አይመርጥም።

የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ራሱ፣ ራም ሲያልቅ ፕሮግራም የሚገድል ኦኦኤም ኪለር የሚባል ክፍል አለው። ከርነሉ ፕሮግራሞች በእርግጥ ካለው ራም በላይ እንዲጠይቁ ስለሚፈቅድ፣ ሁሉም የጠየቁትን መጠቀም ጀምረው የሚሰጥ ፔጅ (የራም ቁራሽ) ሲጠፋ፣ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ (እየሠራ ላለ ፕሮግራም) በያዘው ራምና ስዋፕ (ራም ሲጠብ የሚያግዝ ምትክ ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዲስክ ላይ) ልክ ነጥብ ሰጥቶ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘውን ይገድላል። ችግሩ መዘግየቱ ነው። ወደ ግድያ ከመሄዱ በፊት የፕሮግራሞችን ኮድ የያዙ ፔጆችን ሳይቀር ከራም ያስወጣል፤ ያው ኮድ ወዲያው ስለሚፈለግ ደግሞ ከዲስክ መልሶ ያነበዋል። ፔጅ ማስለቀቅ እስከቻለ ድረስ ራም አልቋል ብሎ ስለማይወስን፣ የዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ እየበራ፣ የማውሱ ቀስት ድርቅ ብሎ፣ ወደ ጽሑፍ ተርሚናል የሚያሻግሩት ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 አንድ ላይ ሲጫኑ እንኳ ምላሽ ሳይገኝ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ቀድሞ ይህ የሚያበቃው አብዛኛውን ጊዜ የላፕቶፑን ማጥፊያ ተጭኜ በመያዝ ነበር፤ ሴቭ ያልተደረገ ሥራም አብሮ ይጠፋ ነበር።

ኧርሊኦኦም በሰከንድ እስከ 10 ጊዜ ቀሪውን ራምና ስዋፕ እየተመለከተ፣ ሁለቱም ከ10 በመቶ በታች ሲወርዱ ለተመረጠው ፕሮሰስ ሲግተርም (ራስህን ዝጋ የሚል ምልክት)፣ ከ5 በመቶ በታች ሲወርዱ ደግሞ ሲግኪል (ወዲያው የሚገድል ምልክት) ይልካል። ሲግተርም የደረሰው ፕሮግራም ፋይሎቹን ዘግቶ የመውጣት ዕድል አለው፤ የከርነሉ ግድያ ግን በሲግኪል ስለሆነ ይህን ዕድል አይሰጥም። ልዩነቱ በመውጫ ኮዱ (ፕሮሰሱ ሲያበቃ በሚታየው ቁጥር) ላይም ይታያል፤ በሲግተርም የሞተው 143፣ በሲግኪል የሞተው 137 ይዞ ይወጣል። ከጫንኩት ወዲህ ኮምፓይሉ በስህተት መልእክት ይቋረጥ ይሆናል እንጂ ላፕቶፑ ደርቆ ቀርቶ አያውቅም።

በጥንቃቄ መታየት ያለበት የምርጫው ነገር ነው። ፕሮግራሙ በመሠረቱ የሚከተለው የከርነሉን ነጥብ ሲሆን፣ ክሮሚየምና ከእርሱ የተወለዱ ብራውዘሮች ደግሞ ታቦቻቸው ቀድመው እንዲሞቱ በማሰብ ነጥባቸውን በ300 ከፍ ያደርጋሉ። በዚህም የተነሳ ሎጉን (የኧርሊኦኦምን የሥራ መዝገብ) ስከፍት ከመቶ ሜጋባይት ያነሰ ራም የያዙ ታቦች ተራ በተራ ሲገደሉ፣ ጊጋባይቶችን የዋጠው ሊንከር (ኮምፓይል የተደረጉትን ክፍሎች የሚያገጣጥመው ፕሮግራም) ግን ሳይነካ ሲቀጥል አገኝ ነበር። መፍትሔው በኮንፊገሬሽን ፋይሉ ውስጥ ነው፤ ቀድመው እንዲገደሉ በሚያደርገው ፕሪፈር በሚለው አማራጭ ሊንከሩንና ኮምፓይለሩን፣ እንዲታለፉ በሚያደርገው አቮይድ በሚለው ደግሞ ዴስክቶፑንና ተርሚናሉን አስገባሁ። የፕሮሰሱ ስም በከርነሉ ዘንድ ከ15 ፊደል በላይ ስለማይያዝ፣ ረጅም ስም ሙሉውን የጻፈ ሰው ቅንብሩ ለምን እንደማይሠራ ግራ ይገባዋል።

ሌላው ድክመት ስዋፕን ይመለከታል። ራምም ስዋፕም አብረው ካልወረዱ ስለማይንቀሳቀስ፣ ቀርፋፋ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰፊ ስዋፕ ያለው ሰው ስዋፑ እስኪሞላ ድረስ ያው መድረቅ ይጠብቀዋል። ለዚህ በከርነል 4.20 የገባው ፒኤስአይ የተሻለ መለኪያ ነው፤ ምን ያህል ራም እንደቀረ ሳይሆን ፕሮሰሶች ራም በመጠበቅ ምን ያህል ጊዜ እንዳባከኑ ይለካል። የኧርሊኦኦም ተፎካካሪ የሆነው ሲስተምዲ ኦኦኤምዲ የሚሠራው በእርሱ ሲሆን፣ ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት በ2020 በስሪት 32 ኧርሊኦኦምን ካስገባ በኋላ በ2021 በስሪት 34 ወደዚያ ተሻግሯል። ይሁንና ሲስተምዲ ኦኦኤምዲ አንድን ፕሮሰስ ለይቶ ሳይሆን ሲግሩፑን (አብረው የተመደቡ ፕሮሰሶችን ቡድን) በሙሉ ስለሚገድል፣ በአንድ ተርሚናል ውስጥ ብዙ ሥራ ለሚያስኬድ እንደ እኔ ላለ ሰው ኪሳራው ይከብዳል። ለዚህ ነው በኧርሊኦኦም የጸናሁት፤ ስዋፑንም በዜድራም (ራም ውስጥ ዳታ ጨምቆ በሚይዝ ስዋፕ) ተክቼዋለሁ።

ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ በሚሠራበት ሰርቨር ላይ ግን ኧርሊኦኦምን አልጭነውም። እዚያ አንድ የዳታቤዝ ፕሮሰስ በሲግኪል ከሞተ ዋናው ፕሮሰስ ሌሎቹንም ግንኙነቶች አቋርጦ እንደገና ይነሳል፤ ስለዚህ የከርነሉን ኦቨርኮሚት (ካለው ራም በላይ መጠየቅን የሚፈቅደውን ቅንብር) ወደ 2 አድርጎ፣ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያውም ከልክ በላይ ራም እንዳይሰጠው መከልከል ይሻላል።