«ጂፒኤ እናስተካክላለን» ለሚሏችሁ ገንዘብ አትክፈሉ

አሜሪካ ያላችሁ፣ ሎው ስኩል (የሕግ ትምህርት ቤት) ልግባ የምትሉ ወይም ልጃችሁን ለማስገባት የምታስቡ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። «ጂፒኤህ ዝቅ ቢልም ችግር የለም፣ ከ14ቱ ምርጥ ሎው ስኩሎች አንዱ ውስጥ እናስገባሃለን» የሚሉ አማካሪዎች በዝተዋል። የአክስቴ ልጅ ለአንዱ 4,500 ዶላር ከፈለች። ያውም በዜል፣ ገንዘብ ከባንክ ወደ ባንክ በቀጥታ በሚላክበት። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ነገ ስሙን ቀይሮ ይመጣል፤ አሠራሩን ካወቃችሁ ግን በምንም ስም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

ልጅቷ ዲግሪዋን የያዘችው በ2.9 ነው። የሸጡላት ዋናው ነገር «ጂፒኤ ማሻሻያ» ይባላል። ሦስት የኦንላይን ኮርሶች ትወስዳለች፣ ኤ ታመጣለች፣ ጂፒኤዋ ከ3 በላይ ይወጣል። ሲያስረዷችሁ ያሳምናል። ውሸት ነው።

ለአሜሪካ ሎው ስኩል ስታመለክቱ ትራንስክሪፕታችሁ የሚሄደው ኤልሳክ ወደሚባለው ተቋም ነው። የመግቢያ ፈተናውን፣ ኤልሳትን፣ የሚያዘጋጀውም እሱ ነው። ኤልሳክ ዩኒቨርሲቲያችሁ የሰጣችሁን ጂፒኤ ዝም ብሎ አይቀበልም። በራሱ ደንብ እንደገና ያሰላዋል። የሚቆጥረው የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን እስክትይዙ ድረስ የወሰዳችሁትን የኮሌጅ ኮርስ ነው። ሃይስኩል እያላችሁ የወሰዳችሁት የኮሌጅ ኮርስም፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምራችሁ የተዋችሁት ትምህርት ውጤትም ይገባል። ከዲግሪው በኋላ የመጣ ውጤት ግን አይገባም። ማስተርስም ቢሆን። ጋውን በለበሳችሁ ቀን ያ ቁጥር ተዘግቷል። የአክስቴ ልጅ ሦስቱንም ኮርስ ኤ አመጣች፤ ኤልሳክ ላይ ያው 2.9 ነች። ሎው ስኩሎቹ አዲሱን ውጤት ሊያዩት ይችላሉ፣ ጥሩ ነው ሊሉም ይችላሉ። ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም።

ሌላም አለ። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ኤፍ ያገኛችሁበትን ኮርስ ስትደግሙ የድሮውን ከጂፒኤ ያወጣላችኋል። ኤልሳክ ያንን ምሕረት አያውቅም። የድሮው ውጤት ትራንስክሪፕቱ ላይ እስካለ ድረስ ሁለቱንም ይቆጥራል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው 3.2 ያላችሁ ሰዎች ኤልሳክ ላይ ዝቅ ብላችሁ ብትገኙ አይግረማችሁ። ገና ያልተመረቀ ልጅ ካላችሁ ነገሩ ሌላ ነው። አሁን የሚያመጣው ኤ ይቆጠርለታል፤ ለዚህ ደግሞ አማካሪ አያስፈልገውም።

አገር ቤት ተምራችሁ የመጣችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። «የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውጤትህን ወደ አሜሪካ ጂፒኤ ቀይረን ከፍ እናደርግልሃለን» የሚሉ አሉ። የመጀመሪያ ዲግሪው ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ለሆነ ሰው ኤልሳክ ጂፒኤ በቁጥር አያወጣም። ትራንስክሪፕቱ ተገምግሞ «ከአማካይ በላይ» ዓይነት ደረጃ በቃል ይሰጠዋል። ግምገማው ኤልሳክ ሰነዳችሁን ሰብስቦ ለሎው ስኩሎች የሚልክበት አገልግሎት ክፍያ ውስጥ ያለ ነው፤ ክፍያው ከ200 ዶላር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከአገር ቤት ትራንስክሪፕት ማስላክ ራሱን የቻለ ጣጣ መሆኑን አውቃለሁ። በዚያ ላይ ለማያስፈልግ ቅየራ ሌላ ሰው መክፈል ግን ብር መጣል ነው።

«ታዲያ በ2.8 ጆርጅታውን ሎው ስኩል የገባው ልጅስ?» ትሉ ይሆናል። ማስታወቂያቸው ላይ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ኤልሳቱ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ኤልሳት ከ120 እስከ 180 ነው የሚታረመው። ሎው ስኩሎች ደረጃቸውን ከሚጠብቁባቸው ነገሮች መካከል የተማሪዎቻቸው መካከለኛ ጂፒኤና መካከለኛ ኤልሳት አሉ። መካከለኛ ማለት ግማሹ ተማሪ ከሱ በታች ነው። ከመካከለኛው በታች ከሆናችሁ ደግሞ 3.5ም ሁኑ 2.8 መካከለኛውን ቁጥር እኩል ነው የምትነኩት። ስለዚህ የኤልሳት ቁጥሩን ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ትምህርት ቤት ጂፒኤው 2.8፣ ኤልሳቱ 174 የሆነውን ልጅ የሚወስድበት ምክንያት አለው። እንዲህ ያለውን አመልካች «ስፕሊተር» ይሉታል። ልጁን ያስገባው 174ቱ ነው። አማካሪው አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ተነሳ።

ይሄን ራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። በአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እውቅና ያላቸው ሎው ስኩሎች በየዓመቱ በዲሴምበር የተማሪዎቻቸውን ጂፒኤና ኤልሳት፣ የታችኛውን ሩብ፣ መካከለኛውንና የላይኛውን ሩብ፣ የማውጣት ግዴታ አለባቸው። «509» ይባላል። ነጻ ነው። ኤልሳታችሁን ከዚያ ቁጥር ጋር ስታስተያዩት የቱ ጋ ዕድል እንዳላችሁ ከማንም አማካሪ በተሻለ ይነግራችኋል።

ዝቅ ያለ ጂፒኤ ያለው ሰው ያለውን ጊዜና ገንዘብ ማዋል ያለበት ኤልሳት ላይ ነው ባይ ነኝ። የሚገርማችሁ የአክስቴ ልጅ የከፈለችበት ጥቅል ውስጥ የኤልሳት መጽሐፍም ነበረ። ግማሹ «ሎጂክ ጌምስ» የሚባለው የእንቆቅልሽ ክፍል ነው! ያ ክፍል ከኦገስት 2024 ጀምሮ ከፈተናው ወጥቷል። ኤልሳክ ራሱ ሎውሃብ በሚባለው ገጹ እውነተኛ የልምምድ ፈተናዎች በነጻ ያስቀምጣል። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ የፈተናውንና የሰነዱን ክፍያ እንዲያነሱላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ።

ከዚያ «ግንኙነት» የሚሉት አለ። ለአክስቴ ልጅ ከአንድ ሎው ስኩል «የማመልከቻ ክፍያ ቀርቶልሻል» የሚል ኢሜይል መጣላት። አማካሪው «አየሽ፣ እኛ አነጋግረንልሽ ነው» አላት። ሎው ስኩሎች ይሄን ኢሜይል ኤልሳክ ላይ ስማቸውን ለማሳየት ለፈቀዱ ሰዎች በጅምላ ነው የሚልኩት። አመልካች ሲበዛላቸው ደስ ይላቸዋል። ገባችሁ ማለት አይደለም።

ድርሰት እንጽፋለን ካሏችሁ ግን ሽሹ። ስታመለክቱ ጽሑፉ የራሳችሁ መሆኑን ፈርማችሁ ነው። ከተነቃባችሁ ኤልሳክ ይመረምራል፣ ለሎው ስኩሎቹም ያሳውቃል። ቢያልፍ እንኳ ጥብቅና ፈቃድ ስትጠይቁ ፈቃዱን የሚሰጠው አካል፣ ባሩ፣ ጸባያችሁን ያጣራል። ጂፒኤያችሁ ለምን ዝቅ እንዳለ የምትጽፉት ማብራሪያ ደግሞ ከግማሽ ገጽ መብለጥ የለበትም። ማታ ፓርኪንግ እየሠራችሁ ለቤተሰብ ብር እየላካችሁ ተምራችሁ ከሆነ ያንኑ ጻፉት፤ መቼ እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተለወጠ። ማለቃቀስ አያስፈልግም።

ለአንድ ትምህርት ቤት ቀድማችሁ በምታመለክቱበት «ኧርሊ ዲሲዥን» ግቡ ብለው ሲያጣድፏችሁም ቆም በሉ። እሱ የሚያስር ነው፤ ከተቀበሏችሁ መሄድ አለባችሁ፣ ስኮላርሺፕ የመደራደር አቅማችሁም ያልቃል። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ደግሞ አዲስ ተበዳሪ ለሎው ስኩል ከፌዴራል መንግሥት የሚያገኘው ብድር በዓመት ከ50,000 ዶላር እንዳይበልጥ ተገድቧል። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች በዚያ አይሸፈኑም። ስኮላርሺፕ ያስፈልጋችኋል።

ደህና አማካሪ የለም አልልም። በሰዓት የሚያስከፍል፣ ጽሑፋችሁን አንብቦ ሐሳብ የሚሰጥ፣ ምንም ቃል የማይገባ አለ። የተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲም የቅድመ ሕግ አማካሪ ሊኖረው ይችላል፤ ብዙዎቹ የተመረቀንም ሰው በነጻ ያያሉ።

ከፍላችሁ ከሆነ ውሉ ላይ «ካልገባችሁ ገንዘብ እንመልሳለን» የሚለውን እንደገና አንብቡ። የአክስቴ ልጅ ውል «ከተያያዘው ዝርዝር ውስጥ አንዱ» ይላል። ዝርዝሩ ላይ ማንንም የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ተጨምረውበታል። በክሬዲት ካርድ ከፍላችሁ ቃል የተገባው አገልግሎት ካልተሰጣችሁ፣ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያው ስቴትመንት በተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ ተቃወሙ። ዜል ላይ ይሄ ጥበቃ የለም። በየትኛውም ብትከፍሉ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እና ለስቴታችሁ አቃቤ ሕግ አቤቱታ አስገቡ። ውሉን፣ ኢሜይሉን፣ ያወራችሁበትን ቴክስት አታጥፉ፤ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።