የደንበኞቻችንን እውነተኛ የኢንተርኔት አድራሻ ላገኘችልን የሰርቨር ባለሙያ

ድረ ገጽ ኖሯችሁ ሰርቨራችሁን የሚያይላችሁ ሰው ለምትፈልጉ ይህ ጥቆማ ነው። ለእሷ ለራሷ ደግሞ ምስጋና ነው። በስልክ ላመሰግናት ስሞክር «ሥራዬ ነው እኮ ጋሼ» ብላ ወሬውን ስለምታስቀይረኝ በአደባባይ ልጽፈው ወሰንኩ።

የእኛ ሥራ ስጦታ ማድረስ ነው። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ ልጅ በድረ ገጻችን በግ፣ ዶሮ፣ ቅቤ ያዝዛል፤ እኛ አዲስ አበባ እናቱ ቤት እናደርሳለን። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን፣ ትእዛዝ በሚጎርፍበት ሰዓት፣ ደንበኞቻችን በድንገት መግባት አቃታቸው። «የተሳሳተ የይለፍ ቃል ደጋግመው ስለሞከሩ ለጊዜው ታግደዋል» የሚል መልእክት ይመጣባቸዋል፤ የይለፍ ቃል ለመጻፍ ገና ያልደረሱት ሳይቀሩ። ከባሕር ማዶ የሚደወለውን ስልክ እና የደዋዩን ቁጣ የበዓል ሥራ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ሰርቨሩን ያከራየን ድርጅት እገዳውን ጨርሳችሁ አጥፉት አለን። የካርድ ክፍያ በሚቀበል የራሱ ድረ ገጽ ላይ ቢሆን ምክሩን ይቀበለው እንደሆነ እንጃ።

በወዳጅ በኩል ያገኘናት ይህች ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀችው ሰርቨሩ የጎብኚዎችን መግባት የሚመዘግብበትን የሎግ ፋይል ነበር። ገና ስትከፍተው ነገሩ ገባት። ከላይ እስከ ታች የተመዘገበው ጎብኚ ሁሉ አድራሻው 127.0.0.1 ነው፤ ይህ ደግሞ ሰርቨሩ ራሱን የሚጠራበት ቁጥር ነው። ከሜሪላንድ የገባው፣ ከሪያድ የገባችው እና የይለፍ ቃል ሊሰብር ሌሊቱን ሙሉ የሚሞክረው ሌባ ለፕሮግራማችን አንድ ሰው ነበሩ። ሌባው ሲታገድ ሁሉም አብረው ታገዱ።

ምክንያቱን ለእኔ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳችኝ። ከፊት ኤንጂንኤክስ የሚባለው ሰርቨር የጎብኚውን ጥያቄ ይቀበልና ከኋላው ላለው አፓቼ ለሚባል ሌላ ሰርቨር ያስተላልፋል። አፓቼ የሚያውቀው ያቀበለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንዳለ አያይም። ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። የጎብኚው አድራሻ በመንገድ እንዳይቀር አስተላላፊው በጥያቄው ራስጌ፣ ማለትም ከጥያቄው ጋር በሚሄደው መግለጫ ላይ ጽፎ ማሳለፍ አለበት። ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር የሚባለው መስመር ለዚህ የመጣ ነው፤ ያስለመዱት ስኩዊድ የሚባለው አስተላላፊ ፕሮግራም (ፕሮክሲ) ሠሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 አርኤፍሲ 7239 በተባለው የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ፎርዋርድድ የሚል መደበኛ መስመር ቢወጣም፣ አሁንም በብዛት የሚያጋጥመው አሮጌው ነው።

እስከዚህ ያለውን ጥቂት ያነበበ ሁሉ ይደርስበታል። ድረ ገጻችንን የሠራልን ልጅም ነገሩን ሲሰማ «ከዚያ መስመር የመጀመሪያውን አድራሻ ማንበብ ነው፣ በቃ» ብሎ በሙከራ ገጹ ላይ ወዲያው አስገባው፤ ሠራም። እኔ እዚህ ላይ ሒሳቧን ከፍዬ ላሰናብታት ነበር። እሷ ግን ላፕቶፗን አወጣችና ከርል በምትባል ትንሽ ፕሮግራም አንድ ትእዛዝ ላከች።

«ጋሼ፣ ይህን በግ ያዘዘው ማን ይመስልዎታል?»

መዝገቡ 8.8.8.8 ይላል። የታወቀ የጉግል አድራሻ ነው። በጉን ያዘዘችው ግን አጠገቤ ተቀምጣ ነው! አድራሻውን በዚያ መስመር ላይ ራሷ ጽፋ ነው የላከችው።

በሰው እጅ እየተቀባበለ የሚመጣ ደብዳቤ አስቡ አለችን። እያንዳንዱ ተቀባይ ከማን እንደተረከበ በፖስታው ላይ እያከለ ይጽፋል። መጨረሻ ላይ ያለውን የጻፈው የራሳችን ሰው ስለሆነ እናምነዋለን፤ መጀመሪያ ላይ ያለውን ግን ላኪው ራሱ ደስ ያለውን ጽፎበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ የምናምናቸውን አስተላላፊዎች እያለፉ መጥተው የመጀመሪያው የማናውቀው አድራሻ ላይ ይቆማሉ።

የእኛው ነገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ እጅ ነበረው፤ ከኤንጂንኤክስ ፊት ጥያቄውን አስቀድሞ ተቀብሎ የሚያሳልፍ ክላውድፍሌር የሚባል የውጭ አገልግሎት አለ። ክላውድፍሌር የሚጠቀምባቸውን አድራሻዎች ዝርዝር በይፋ ያወጣል። እሷም እነዚያን ብቻ፣ አይፒቪ6 የሚባሉትን የአዲሱን ዓይነት አድራሻዎችም ጨምራ፣ ሪል አይፒ በሚባለው የኤንጂንኤክስ ሞጁል (ተጨማሪ ክፍል) ውስጥ ታማኝ አድርጋ አስገባች። አፓቼ ላይ ሪሞት አይፒ የተባለውን ሞጁል ከፍታ ከኤንጂንኤክስ በቀር የማንንም ቃል እንዳይቀበል አደረገች። ክላውድፍሌርን ዘሎ በቀጥታ ሰርቨሩን የሚያንኳኳውንም የሰርቨሩ አጥር በሆነው ፋየርዎል ዘጋችበት። የታማኞቹ ዝርዝር ሲለወጥ ተከትሎ የሚያድስ ስክሪፕትም ጻፈችልን፤ ይህን ማንም አልጠየቃትም።

ትእዛዙ በማግስቱ መግባት ጀመረ፣ በጎቹም ደረሱ።

ሌላም ያስጠነቀቀችን ነገር አለ። አድራሻው እውነተኛ ሆነ ማለት ሰውየው ተለየ ማለት አይደለም። በሞባይል ዳታ የሚገቡ ብዙ ሰዎች አንድ የአይፒ አድራሻ ሊጋሩ ይችላሉ፤ አድራሻውን በሌላ የሚሸፍንለትን ቪፒኤን የከፈተ ደግሞ ከሌላ አገር የመጣ ይመስላል። ስለዚህ እገዳው በአድራሻ ብቻ ሳይሆን በደንበኛው ሒሳብም ጭምር እንዲታይ ከልጁ ጋር ተቀምጣ አስተካከለች። ሎጉ አሁን የሰዎችን አድራሻ ስለያዘም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መኖሩን አስታውሳን፣ ያረጀ መዝገብ ራሱ እንዲሰረዝ አድርጋ ሄደች።

ጉድለቷንም ልናገር። ስልክ ቶሎ አታነሳም፤ ጻፉላት። ዋጋዋ ርካሽ አይደለም፤ እኔ ግን ስለ ዋጋው አልተከራከርኩም፣ ይህ ደግሞ የሚያውቁኝን ሁሉ ያስገርማል። መጠባበቂያ ቅጂ ሳይወሰድ አንድ ፋይል አትነካም፤ ሲቸኩሉ ያናድዳል። የሠራችውን ሁሉ በአማርኛ ጽፋ ትተዋለች፤ ልጁ ያንን ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፎታል።

ስሟንና ስልኳን በፈቃዷ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ስትጽፉላት ጎብኚው ፕሮግራማችሁ ዘንድ እስኪደርስ በመካከል ምን ምን እንደሚያልፍ በቅደም ተከተል ንገሯት፤ ከሎጉም ጥቂት መስመር ላኩላት። ያ ከሌለ ሥራ አትጀምርም።